የንግድ ቤታችን የባንክ አካውንት በልጃችን የኮሌጅ እርዳታ ማመልከቻ ላይ ይጻፋል?

ከአንባቢ የደረሰን ደብዳቤ፦

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። እኔና ባለቤቴ በኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ) ያስመዘገብነው እንጀራ መጋገሪያና አነስተኛ ምግብ ቤት አለን፤ ሠራተኞቹ እኛን ጨምሮ ሰባት ነን። ባለቤቴ ማታ ማታ ኡበር ይነዳል። የመጀመሪያ ልጃችን ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት፤ በመጪው ኦገስት ኮሌጅ ትገባለች። ያመለከተችው ለዩኒቨርሲቲ ኦቭ ሜሪላንድ፣ ለጆርጅታውንና ለጆንስ ሆፕኪንስ ነው። የሁለታችን ገቢ በታክስ ወረቀት ላይ ከ90 ሺህ ዶላር ትንሽ ይበልጣል።

ባንክ ውስጥ አራት አካውንት አለን። በኤልኤልሲው ስም ያለው ቼኪንግ 38 ሺህ ዶላር፣ በዚያው ስም ለታክስ የምናስቀምጥበት ሴቪንግ 7 ሺህ ዶላር አለው። በእኔና በባለቤቴ ስም ያለው የቤት ቼኪንግ 19 ሺህ ዶላር ይዟል፤ ከዚህ ውስጥ 10 ሺሁ ባለፈው ወር የደረሰኝ እቁብ ነው፣ ወደ 4 ሺህ የሚሆነው ደግሞ ለድግስ ምግብ ያዘዙ ሰዎች በዜል የላኩልኝ ነው። አራተኛው በእኔና በልጄ ስም ያለ 6 ሺህ ዶላር የያዘ ሴቪንግ ነው፤ ገንዘቡን ያጠራቀምነው እኛ ነን።

ወንድሜ ባለፈው ዓመት ለልጁ ሲሞላ ንግዱን ጽፏልና ‹በስምሽ ባንክ ያለውን ሁሉ ጻፊ፣ ኋላ ጣጣ ያመጣብሻል› ይለኛል። የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ ደግሞ ‹የንግድ ገንዘብ በጭራሽ አይጻፍም፤ እንዲያውም የቤቱንም ገንዘብ ለጊዜው ወደ ንግዱ አካውንት አዙሪው› ትለኛለች። ልጄ ማመልከቻውን ሞልታ ፊርማዬን እየጠበቀች ነው። የማንን ልስማ? — እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ»

የተከበሩ እህታችን፣

ወንድምዎ የነገሩዎት ባለፈው ዓመት ትክክል የነበረ ነው። ጓደኛዎ የነገሩዎት የመጀመሪያው ግማሽ ለዚህ ዓመት ለአንዱ ማመልከቻ ትክክል ነው፤ ሁለተኛው ግማሽ ግን በየትኛውም ዓመት ትክክል ሆኖ አያውቅም፣ እንዲያደርጉትም አልመክርዎትም። ልጅዎ ያመለከተችባቸው ትምህርት ቤቶች ሁለት የተለያዩ ማመልከቻዎች የሚጠይቁ ስለሆኑ መልሴም ሁለት ክፍል ይኖረዋል። ማብራሪያውን ሳያነቡ መፈረም ካለብዎት አጭሩ መልስ ይኸው፦ ለ2026–27 የትምህርት ዘመን በሚሞላው ፋፍሳ (የፌዴራል መንግሥት የተማሪ እርዳታ ማመልከቻ) ላይ በኤልኤልሲው ስም ያሉት ሁለቱ አካውንቶች አይጻፉም፤ የቤት ቼኪንጉ ከነእቁቡና ከነዜሉ ሙሉ በሙሉ ይጻፋል፤ ከልጅዎ ጋር የያዙት ሴቪንግ ከመፈረምዎ በፊት መልክ ሊይዝ ይገባዋል። ጆርጅታውንና ጆንስ ሆፕኪንስ በሚጠይቁት ሲኤስኤስ ፕሮፋይል ላይ ግን የኤልኤልሲው ገንዘብ የንግዱ ሀብት አካል ሆኖ ይገባል።

ወንድምዎና እርስዎ በአንድ ዓመት ልዩነት ለምን የተለያየ ሕግ እንደሚገዛችሁ ላስረዳ፤ በማኅበረሰባችን ውስጥ ያለው ግራ መጋባት ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነውና። ከ2024 በፊት በነበረው ሥርዓት፣ ቤተሰቡ በባለቤትነት የያዘውና የሚቆጣጠረው ከ100 የማይበልጡ የሙሉ ጊዜ ሠራተኞች ያሉት ንግድ በፋፍሳ ላይ እንደ ንብረት አይቆጠርም ነበር። በ2020 መጨረሻ የወጣው የፋፍሳ ማቅለያ ሕግ ይህን ከለላ አነሳው፤ ስለዚህ በ2024–25 እና በ2025–26 የሞሉ ቤተሰቦች፣ ሁለት ሠራተኛ ያላት የፀጉር ቤት እንኳ ሳትቀር፣ የንግዳቸውን የተጣራ ዋጋ መጻፍ ነበረባቸው። ወንድምዎ የሞሉት በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያም በጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ትልቁ የታክስና የበጀት ሕግ ከለላውን መለሰው፤ ተግባራዊ የሚሆነውም ከ2026–27 ጀምሮ ነው። የእርሻ ቤተሰቦችና የዓሣ አስጋሪ ቤተሰቦችም በዚያው ሕግ ተካተዋል። የልጅዎ የመጀመሪያ ዓመት ከለላው የተመለሰበት ዓመት በመሆኑ፣ እርስዎ በወንድምዎ ቅጽ ላይ ተመሥርተው ቢሞሉ ሊጻፍ የማይገባውን 45 ሺህ ዶላር በራስዎ ላይ ይጭናሉ ማለት ነው።

ይህ በቁጥር ምን እንደሚያህል ማየት ይጠቅማል። ፋፍሳ የቤተሰቡን አቅም ኤስኤአይ በሚባል ቁጥር ይለካል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን እርዳታው ይቀንሳል። የወላጅ ንብረት ወደዚህ ስሌት ሲገባ በመጀመሪያ 12 በመቶው ብቻ ይወሰዳል፤ እሱ ከገቢ ጋር ተደምሮ ደግሞ እንደ ቤተሰቡ ሁኔታ ከ22 እስከ 47 በመቶ ይሰላበታል። ስለዚህ የወላጅ ገንዘብ ቢበዛ ቢበዛ 5.64 በመቶው ነው የሚቆጠረው። የኤልኤልሲው 45 ሺህ ዶላር በስሕተት በ«ጥሬ ገንዘብ፣ ሴቪንግና ቼኪንግ» መስመር ላይ ቢገባ የልጅዎን ኤስኤአይ እስከ 2,538 ዶላር ሊያሳድገው ይችላል። በ2025–26 ከፍተኛው የፔል ግራንት (የማይመለስ የፌዴራል እርዳታ) 7,395 ዶላር መሆኑን ሲያስቡ፣ ይህ ለአንድ መካከለኛ ገቢ ላለው ቤተሰብ የሚናቅ ገንዘብ አይደለም። ወንድምዎም ቢሆኑ የንግዱን ገንዘብ በዚያ መስመር ላይ ጽፈውት ከሆነ ባለፈው ዓመት ሕግም ቢሆን ቦታው አልነበረም፤ በንግድ መስመር ላይ ቢጻፍ ኖሮ ከመነሻው የተጣራ ዋጋው 40 በመቶ ብቻ ነበር የሚታሰበው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። አንድ አካውንት የንግድ ነው የሚያሰኘው ገንዘቡ ከንግድ መምጣቱ አይደለም። ደመወዝም፣ የኡበር ገቢም፣ የእንጀራ ሽያጭም ሁሉም ከሥራ የመጣ ገንዘብ ነው። ወሳኙ አካውንቱ በንግዱ ስምና በንግዱ የታክስ መለያ ቁጥር መከፈቱ፣ ለንግዱ ብቻ ማገልገሉ፣ ይህም በንግዱ መዝገብ ላይ መታየቱ ነው። የእርስዎ ሁለት የኤልኤልሲ አካውንቶች ይህን ያሟላሉ፤ ይህ ግን ከእነሱ የቤት ኪራይ ወይም የልጆች ወጪ የማይከፈል ከሆነ ነው። ንግዱን እርስዎና ባለቤትዎ ብቻ ስለያዛችሁት፣ ሠራተኞቹም ሰባት ስለሆኑ፣ ከለላው ላይ ጥርጣሬ የለኝም። ንግዱን ከጓደኛ ጋር እኩል ለእኩል የያዙ አንባቢዎች ግን ቤተሰባቸው ከግማሽ በላይ ስላልያዘ «የቤተሰብ ንግድ» የሚለው ቃል እንደማይመለከታቸው ሊነገራቸው ይችላል፤ እነሱ ከመሙላታቸው በፊት የትምህርት ቤቱን የፋይናንስ እርዳታ ቢሮ በጽሑፍ ይጠይቁ።

በዜል የመጣው 4 ሺህ ዶላር ግን በቤት አካውንት ውስጥ ስላለ የቤት ገንዘብ ነው። «ይህ እኮ የምግብ ቤቱ ነው» የሚለው ሐሳብ ለእርስዎ እውነት ቢሆንም፣ የባንክ መግለጫውን ለሚያይ ሰው የሚታየው የእርስዎና የባለቤትዎ ስም ብቻ ነው። ደንበኛው በርግጥ ለምግብ ቤቱ የከፈለ ከሆነ ገንዘቡ ከመጀመሪያው በኤልኤልሲው መዝገብ መግባትና በኤልኤልሲው ታክስ ላይ መታየት ነበረበት። ስለዚህ ከታክስ ሠሪዎ ጋር ተቀምጠው እያንዳንዱ የዜል ክፍያ በሽያጭ መዝገብ ላይ መኖሩን ያረጋግጡ፤ የተመዘገበ ሽያጭ ሆኖ በስሕተት ወደ ቤት አካውንት የገባውን፣ ከደረሰኙ ጋር አያይዘው ወደ ንግዱ መመለስ ትክክለኛ የሒሳብ ማስተካከያ ነው። ያልተመዘገበ ከሆነ ደግሞ ከእርዳታ ማመልከቻው በፊት ሊስተካከል የሚገባው የታክሱ ጉዳይ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ለንግዱ ስም የራሱን ዜል ወይም የካርድ መቀበያ ያውጡለት፤ ልጅዎ ይህን ማመልከቻ በየዓመቱ ስለምትሞላ ይኸው ጥያቄ በሚቀጥለው ዓመትም ይመጣልና።

የባለቤትዎ የኡበር ገቢም እንዲሁ ነው። እሳቸው ለብቻቸው የሚሠሩ ስለሆኑና ገንዘቡ በቀጥታ ወደ ቤት አካውንት ስለሚገባ፣ በፈረማችሁበት ቀን በአካውንቱ ውስጥ የቀረው የቤት ጥሬ ገንዘብ ነው። ገቢው በስኬጁል ሲ (የግል ሥራ ገቢ በሚጻፍበት የታክስ ቅጽ) ላይ ስለተጻፈ «ሁለት ጊዜ ተቆጠረብን» ብለው እንዳያዝኑ፤ ፋፍሳ ለ2026–27 የሚያየው የ2024ን የታክስ ገቢ ሲሆን፣ የአካውንቱ ጥያቄ ግን ስለ ፊርማው ቀን ነው።

እቁቡ ብዙ ሰዎችን የሚያሳዝን ነው፣ እኔንም ያሳዝነኛል። ቀድሞ የደረሰው ሰው በእጁ ያለውን 10 ሺህ ዶላር እንደ ሀብት ሳይሆን እንደ ዕዳ ነው የሚያየው፤ ገና የሚከፍላቸው ዙሮች አሉበት። ቅጹ ግን የሚጠይቀው በዕለቱ በአካውንቱ ውስጥ ያለውን ቀሪ ሒሳብ ሲሆን፣ ከዚያ ላይ ለእቁብተኞች የሚከፈል፣ ለክሬዲት ካርድ የሚከፈል፣ ለዘመድ የሚመለስ እያሉ መቀነስ አይቻልም። ሊያደርጉት የሚችሉትና ፍጹም ሕጋዊ የሆነው ነገር ገንዘቡን ለታሰበለት ዓላማ ከመፈረምዎ በፊት ማዋል ነው። እቁቡን የገቡበት ለመጋገሪያው አዲስ ምጣድ ለመግዛት፣ ያረጀውን መኪና ለመቀየር ወይም የክሬዲት ካርድ ዕዳ ለመክፈል ከሆነ፣ ያንኑ አሁን ያድርጉት። የቤት ኪራይና የወሩ ሒሳቦች ከተከፈሉ በኋላ መፈረምም ማንም የማይነቅፈው ነገር ነው። ቅጹ «ዛሬ ስንት አለህ» ብሎ የሚጠይቅ ስለሆነ፣ የትኛው ዛሬ እንደሚሆን የመምረጥ መብት የእርስዎ ነው።

እንግዲህ የጓደኛዎ ምክር ከዚህ የሚለይበትን ድንበር በግልጽ ላስቀምጥ። ዕዳ መክፈልና ዕቃ መግዛት ገንዘቡን በእውነት ያወጡታል፤ ከዚያ በኋላ ገንዘቡ የለም። የቤት 19 ሺህ ዶላርን ከፊርማው በፊት በነበረው ቀን ወደ ኤልኤልሲው አስገብቶ ከሳምንት በኋላ ማውጣት ግን ገንዘቡን የትም አያደርሰውም፤ ባለቤቱን ብቻ ለጊዜው ይሸፍናል። በፋፍሳ ላይ ሲፈርሙ የሰጡት መረጃ እውነት መሆኑን እያረጋገጡ ነው፤ ሆን ብሎ ሐሰተኛ መረጃ የሰጠ ሰው እስከ 20 ሺህ ዶላር ሊቀጣ፣ ሊታሰር ወይም ሁለቱም ሊደርሱበት እንደሚችሉ በቅጹ ላይ ተጽፏል። ትምህርት ቤቶች ማመልከቻዎችን እየመረጡ ይመረምራሉ፤ እርስ በርሱ የሚጋጭ መረጃ ካዩም የግድ ማጣራት አለባቸው። ለምሳሌ በታክስ ወረቀቱ ላይ ከባንክ የተገኘ ወለድ ተጽፎ በማመልከቻው ላይ ሴቪንግ የለም ከተባለ፣ የባንክ መግለጫ አምጡ መባሉ አይቀርም። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ይህ የልጅዎ ማመልከቻ ነው። ስሟና ፊርማዋ ከእርስዎ ጎን ያርፍበታል፤ አራት ዓመት የሚያስተምራትን እርዳታ በዚህ ላይ መመሥረት ተገቢ አይመስለኝም። ጓደኛዎ በክፋት እንዳልነገሩዎት አውቃለሁ፤ በየቡና ሰዓቱ የሚሰማው ነውና ይህን ደብዳቤ ቢያሳዩዋቸው ደስ ይለኛል።

ከልጅዎ ጋር ያለው 6 ሺህ ዶላር የተለየ ትኩረት ይፈልጋል። የወላጅ ገንዘብ ቢበዛ 5.64 በመቶ ሲቆጠር፣ የተማሪ ገንዘብ ግን 20 በመቶ ይቆጠራል። ያ 6 ሺህ ሙሉ በሙሉ የልጅዎ ተብሎ ቢጻፍ ኤስኤአይውን 1,200 ዶላር ያሳድገዋል፤ የእናንተ ሆኖ ቢጻፍ ከ338 ዶላር አይበልጥም። ገንዘቡን ያጠራቀማችሁት እናንተ ከሆናችሁና ስሟ የገባው ለምቾት ብቻ ከሆነ፣ ከመፈረምዎ በፊት ስሟን ማስወጣት ወይም ባንኩ ካልፈቀደ በወላጆች ስም አዲስ አካውንት መክፈት እውነቱን ወደ ቦታው መመለስ ነው። ግማሹን እሷ በበጋ ሥራ ያገኘችው ከሆነ ግን ያ የእሷ ነው፤ በእሷ በኩል ይጻፍ። ለኮሌጅ ማጠራቀማችሁን መቀጠል ከፈለጋችሁ በወላጅ ስም የሚከፈት 529 ሂሳብ እንደ ወላጅ ንብረት እንጂ እንደ ተማሪ አይቆጠርም። እግረ መንገዴን፣ ልጅዎ በምግብ ቤቱ ስትረዳ ቼክ እንድትፈርም በኤልኤልሲው አካውንት ላይ ፈራሚ አድርጋችኋት ከሆነ አትጨነቁ፤ ፈራሚነት ባለቤትነት አይደለም።

በዚህ ሁሉ ላይ እንዳተኮሩ ሊያመልጥዎ የሚችል፣ ምናልባትም ከሁሉ የሚበልጥ አንድ ጥያቄ በቅጹ ውስጥ አለ። ባለፉት ሁለት ዓመታት እርስዎ፣ ባለቤትዎ ወይም ልጅዎ ከተዘረዘሩት የፌዴራል ድጋፎች አንዱን አግኝታችሁ እንደሆነ ይጠይቃል። ሜዲኬይድ፣ ስናፕ (የምግብ ድጋፍ)፣ ዊክ (የእናቶችና የሕፃናት የምግብ ድጋፍ)፣ ነጻ ወይም በቅናሽ የሚሰጥ የትምህርት ቤት ምሳ፣ የገቢ ታክስ ክሬዲት፣ እንዲሁም በጤና መድን ገበያ በኩል ለሚገዛ መድን የሚሰጠው የታክስ ክሬዲት በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። እንደ እናንተ በራሳቸው ንግድ የሚተዳደሩ ብዙ ቤተሰቦች መድናቸውን የሚገዙት በሜሪላንድ ሄልዝ ኮኔክሽን በኩል ነው፤ ከዚያ የሚገኘውን ቅናሽ ግን «መንግሥታዊ ድጋፍ» ብለው ስለማያስቡት «የለም» ብለው ያልፋሉ። መልስዎ «አዎ» ከሆነ ንብረታችሁ በፌዴራሉ ስሌት ውስጥ ጨርሶ አይገባም፤ የቤቱ 19 ሺህ ዶላርም ቢሆን። ስለዚህ የ2024ን እና የ2025ን የታክስ ወረቀትና የመድን ደብዳቤዎች አውጥተው ይመልከቱ። ገቢያቸው ከ60 ሺህ ዶላር በታች ለሆነና የተወሰኑ የታክስ ቅጾችን ለማያቀርቡ ቤተሰቦችም ተመሳሳይ ነጻነት አለ፤ የእናንተ ገቢ ግን ከዚያ በላይ ስለሆነ በዚህ በኩል አትገቡም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ማመልከቻ። ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የኮሌጅ ቦርድ የሚያዘጋጀው ሲሆን፣ ጆርጅታውንና ጆንስ ሆፕኪንስን የመሰሉ ትምህርት ቤቶች የራሳቸውን ገንዘብ ለማከፋፈል ይጠቀሙበታል። ዩኒቨርሲቲ ኦቭ ሜሪላንድ አይጠይቀውም። ገቢያችሁ ከ100 ሺህ ዶላር በታች ስለሆነ ክፍያ አይጠየቅባችሁም። በዚህ ቅጽ ላይ ኮንግረስ የመለሰው ከለላ አይሠራም፤ ገንዘቡ የትምህርት ቤቱ የግሉ ስለሆነ መለኪያውንም የሚያወጣው ራሱ ነው። ስለዚህ የኤልኤልሲው 38 ሺህና 7 ሺህ ዶላር፣ የምጣዶቹና የማቀዝቀዣዎቹ ዋጋ፣ የጤፉና የሌላው ክምችት ሁሉ የንግዱን ዋጋ ይመሠርታሉ። እዚህም ቢሆን ግን ገንዘቡን በቤት ጥሬ ገንዘብ መስመር ላይ እንዳይደግሙት፤ በንግዱ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋል።

ንግድ ዕዳም ስላለው ዕዳውን መጻፍ መብትዎ ብቻ ሳይሆን ትክክለኛውን ሥዕል ለመስጠት ግዴታዎ ነው። በኮቪድ ጊዜ የመንግሥትን የአደጋ ብድር የወሰዱ ብዙ ምግብ ቤቶች አሉ። ከ25 ሺህ ዶላር በላይ የሆነው ብድር በንግዱ ንብረት መያዣነት የተሰጠ ሲሆን ለ30 ዓመት በ3.75 በመቶ ወለድ የሚከፈል ነው። እናንተም ከወሰዳችሁ ቀሪው ዕዳ ከንግዱ ዋጋ ላይ ይቀነሳል። በሴቪንግ ያለው 7 ሺህ ዶላርም ቢሆን በአብዛኛው የእናንተ እንዳልሆነ አስታውሱ፤ ከደንበኞች የተሰበሰበው 6 በመቶ የሜሪላንድ የሽያጭ ታክስ በሚቀጥለው ወር በ20ኛው ቀን ለክፍለ ግዛቱ የሚገባ ነው። ከፍለው ቢፈርሙ ቁጥሩ እውነተኛውን ያሳያል። በቅጹ መጨረሻ ላይ ማብራሪያ የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ በአጭሩ እንዲህ ማለት ይችላሉ፦ «በንግዱ ቼኪንግ ያለው ገንዘብ የሁለት ወር ደመወዝ፣ ኪራይና የጤፍ ግዢ ነው፤ ከዚያ ላይ ለትምህርት ብናወጣ ንግዱ ይቆማል።» ይህ ልመና አይደለም፤ የሒሳብ ማብራሪያ ነው። የትምህርት ቤቱ ሠራተኞች 38 ሺህ ዶላር ለአንድ ምግብ ቤት ምን ያህል ጊዜ እንደሚያሻግር ከቁጥሩ ብቻ ሊያውቁ አይችሉም፤ የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። ደመወዝና ኪራይ የከፈሉበትን የሁለት ወር የባንክ መግለጫ ቢያያይዙ ደግሞ የበለጠ ነው።

በደብዳቤዎ ባይጠቅሱትም ብዙ አንባቢዎች ስለሚጠይቁን አንድ ነገር ልጨምር። በአዲስ አበባ ያለ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ተከራይቶም ሆነ ተዘግቶ የሚኖሩበት ዋና ቤት ስላልሆነ በፋፍሳ ላይ እንደ ኢንቨስትመንት ይጻፋል፤ ውጭ አገር መሆኑ አያስቀረውም፣ ማከራየቱም የንግድ ከለላ አያሰጠውም። ዋጋው በፊርማው ቀን ባለው ምንዛሪ ወደ ዶላር ይቀየራል፤ ብር በጁላይ 2024 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ምንዛሪው ብዙ ስለተለወጠ የድሮውን ተመን መጠቀም ራስን መጉዳት ነው። የምትኖሩበት የሲልቨር ስፕሪንግ ቤትና የጡረታ ቁጠባ ግን በፋፍሳ ላይ አይጻፉም።

አሁን ልጅዎን ይጥሩና አብረው ተቀመጡ። መጀመሪያ የድጋፍ ጥያቄውን መልሱ፣ ቀጥሎ ከልጅዎ ጋር ያለውን ሴቪንግ አስተካክሉ፣ የሽያጭ ታክሱንና የወሩን ሒሳቦች ክፈሉ፣ ከዚያ ፈርሙ። በፈረሙበት ቀን የአራቱንም አካውንቶች መግለጫ አትማችሁ በአንድ ፋይል አስቀምጡ፤ ቁጥሩ የዚያ ቀን ስለሆነ በኋላ አካውንቱ ቢሞላም ቢጎድልም መቀየር አይጠበቅባችሁም፣ በዚያ ቀን የተሳሳተ ነገር ከነበረ ግን ማረም ትችላላችሁ። በሜሪላንድ ለክፍለ ግዛቱ እርዳታ የተለመደው የመጨረሻ ቀን ማርች 1 ስለሆነ፣ ዜሉን ከታክስ ሠሪዎ ጋር ለማጣራት የሚወስደው ጊዜ ፊርማውን ከዚያ እንዳያሳልፍብዎት፤ ማጣራቱ ካላለቀ 19 ሺሁን ሙሉውን ጽፈው ይፈርሙ።